መርዶ ለናጅዋ

መርሳ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሳራ፣

ልጄ ናጅዋ ከጎንሽ ካለች ስልኩን ደበቅ አድርጊና ወጣ በይ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አባትሽ ግርማ ከጋራዡ መጥቶ «ጋሽ አብዱልሐሊም፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎት» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቢጣመምም የሚስቴን መርዶ በራሴ እጅ እጽፋለሁ። እሱ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ የሱ ሥራ ያ ነው።

ሀጂራ ሞታለች። ያኔ እናንተ ለውጭ ትምህርት ቪዛ አዲስ አበባ እንደገባችሁ ጦርነቱ መንገዱን ከኋላችሁ ዘጋው። መብራቱም ስልኩም ጠፋ። የጡት ካንሰሯ መድኃኒት የሚመጣው ከደሴ ነበር፤ ደሴ በየት ይኬዳል? በኅዳር ሄደችብኝ። ቀብር የሚያስፈጽመው ቅሬ ተበትኖ፣ ወጣቱ ሸሽቶ፣ የቀረነው ሽማግሌዎች ተጋግዘን ቀበርናት።

ስልክ ሲመለስ ናጅዋ ደወለች። የሀጂራ እኅት ረሂማ ስልኩን ሳላነሳው ከእጄ ነጠቀችኝ። «በሰው አገር ብቻዋን መርዶ ትስማ? አገሯ ገብታ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገራት!» አለችኝ። የሁለቱ ድምፅ አንድ እንደነበረ ታውቂያለሽ። «እማ ነኝ ልጄ» አለቻት።

ስልኩ ለሁለታችንም ይሰማል፤ ናጅዋ በደስታ ታወራለች። «እማ፣ ዛሬ አዲስ የገባነውን የዶክትሬት ተማሪዎች ሰብስበው ላብራቶሪውን አሳዩን። መድኃኒቱን በዓይን በማይታይ ነገር ጠቅልለን የታመመው ቦታ ብቻ እናደርሰዋለን። እንዳለፈው ፀጉርሽን አይጨርስም!»

ዝም ማለት አቅቶኝ «ከጤፍ ያንሳል?» አልኩ።

«አባ ደግሞ! ጤፍማ ከሱ ጎን የዞብል ተራራ ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እማ፣ እስክደርስልሽ ጠብቂኝ።»

«እጠብቅሻለሁ» አለች ረሂማ።

ስልኩ ተዘግቶም ረሂማ ከሀጂራ ድምፅ አልወጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አንቱ ሰው፣ ብርድ ነው፣ ጋቢዎን ይደርቡ» አለችኝ። ሀጂራ ዘወትር የምትለኝ ቃል ነው። እኔም «እሺ ሀጂራ» ብዬ ደረብኩ። አላህ ይቅር ይበለን። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እዚህ ቤት ሦስተኛ ሰው አለ።

ናጅዋ እንቅልፍ አጥታ እንደምትሠራ አንቺው ለአባትሽ ነግረሽዋል። ለማን እንደምትቸኩል አሁን ገባሽ። ልጄን በውሸት አላስሮጣትም።

እንዲህ አድርጊልኝ። እሁድ፣ ሥራ በሌለበት ማለዳ፣ አብረዋችሁ የገቡትን ተማሪዎች ጥሪያቸው። ህንዱም ጀርመኑም ይምጣ። እንደኛ ማልቀስ ባያውቁ ከጎኗ ይቀመጡ፤ ቅሬ ማለት ይኸው ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ትቅመስ፤ ከሰማች ወዲያ አትበላም። ክንዷን ያዢና ንገሪያት። ክርስቲያን ብትሆኚም እኛ ለሞት የምንለውን «ኢና ሊላህ» በይላት። ሀጂራም ለአንቺ ስትል በክርስቲያን እጅ ዶሮ የምታሳርድ ሴት ነበረች።

«መድኃኒቱስ ለማን ሊሆን ነው?» ካለችሽ፣ በግራናና በሐራ ከተማ የታመመ እናት ሞልቷል በያት።

ከዚያ ትደውልልኝ። ረሂማን ወደ ልጇ ቤት ልኬያታለሁ። ስልኩ ከጉያዬ አይወጣም። ሲጠራ የማነሳው እኔ ነኝ።

አባትሽ አብዱልሐሊም