ያኪማ ነኝ ያልሽ ዕለት

ውድ እህቴ መቅደስ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በዚህ ቃል እንደሚጀመር ስለተማርኩ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጪው። አንቺ ስትሄጂ በጣቴ ነበር የምፈርመው። ፊደል የለየሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ወረዳው ለጎልማሶች በከፈተው ትምህርት፣ የልጅ ልጅ ካላቸው ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው።

ባለፈው ልጅሽ እምነት ካንቺ ጋር ስታወራ ስልኩን ልትሰጠኝ ስትል እጄን ወደ ኋላ እንደደበቅኩ ሳትነግርሽ አትቀርም። «ዛሬም ኩራቷ አልለቀቃትም» ብለሽ ይሆናል። ኩራት አይደለም። እኔንና አንቺን ስልክ አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶናል፤ ሁለተኛ ዕድል አልሰጠውም። የምልሽን በወረቀት እልሻለሁ። ይዛልሽ የምትመጣውም እሷው ናት።

ቤይሩት ልትሄጂ ሻንጣሽን ያነሳሽ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ያልኩሽን አልረሳሽውም። «ልጇን ጥላ የምትሄድ እናት አትባልም» አልኩሽ። አንቺም «ይዣት ብቀመጥ ምን ላበላት ነው?» ብለሽ እምነትን አስታቅፈሽኝ ወጣሽ። ጡት ከተወች ገና ወሯ ነበር። ከዚያ አሠሪዎችሽ አሜሪካ ይዘውሽ እንደሄዱ፣ ከእነሱም ቤት እንደጠፋሽ በሰው በሰው ሰማን።

አንድ ቀን ጆንያ እየሰፋሁ ጋሽ ሁዛይፋ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ተጣሩ። «ሸዋ! ነይ ቶሎ፣ ከዋሽንግተን ስልክ!» የጆንያ መርፌውን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። መስመሩ ውሃ እንደነካው የጋለ ዘይት ይንጫጫል። ድምፅሽ ይመጣል፣ ይሄዳል። «የት ነሽ?» እላለሁ፤ «ዋሽንግተን» ትያለሽ። «ዋሽንግተን የት?» ስልሽ ጮክ ብለሽ አንድ ነገር ተናገርሽ። እኔ የሰማሁት «ቂመኛ ነኝ» የሚል ነው።

«ምን አልሽ?»

ደገምሽው። አሁንም ያው ነው። ቂመኛ ነኝ።

በር ላይ የተናገርኩሽ ነገር ከሄድሽ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና፣ ሌላ ነገር ልሰማ የምችል አልነበርኩም። ባሕር ተሻግረሽ፣ ስለ ልጅሽ አንድ ቃል ሳትጠይቂ፣ ቂም እንደያዝሽ ልትነግሪኝ የደወልሽ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። «እኔም ቂመኛ ነኝ! ካንቺ የባስኩ ቂመኛ!» ብዬ ስልኩን ጠረቀምኩት። ጋሽ ሁዛይፋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ ስልኩን! የተጣላሽው ከእህትሽ ጋር፣ የምትሰብሪው የእኔን ስልክ!»

ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም። ትንሽ ቆይቶ የከተማው ስልክ ሁሉ ላይ ቁጥር ተጨመረበት፤ ጋሽ ሁዛይፋም ሱቁን ለቀው ሄዱ። እኔ ግን የትም አልሄድኩም። ምናለሽ ተራ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆመሽ ጆንያ ሰፊዋን ሸዋርካብሽን ብትይ ማንም ያመጣሻል። ከዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር «እህቴን ጠይቁልኝ» ብዬ ልኬያለሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሐበሻ ምግብ ቤቱ ጠየቁ። የለችም ተባልኩ። እየተደበቀች ነው አልኩ። ቂሜ እየጠነከረ ሄደ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ጊዜ ቂሙ ከናፍቆቱ ይሻለኝ ነበር። ቂም ቢያንስ ሥራ አያስፈታም።

ልጅሽ በዚህ መሀል አደገች። «እማዬ» የምትለው እኔን ነው። እናቷ አንቺ እንደሆንሽ ግን ደብቄያት አላውቅም።

ዘንድሮ ዲቪ ደረሳት። ትኬቷ ወደ ዋሽንግተን ተቆረጠ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ሰፈር ያለች የጓደኛዋ እህት ልትቀበላት ነው። ፎቶሽን አሳተመች። እንደደረሰች በየቤተ ክርስቲያኑ በር ልትለጥፈው ነው።

እኔ አሮጌ ወረቀትም በኪሎ እገዛለሁ፤ ለመጠቅለያ ይፈለጋል። ሰሞኑን ከአንዱ የወረቀት እስር ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ወጣ። ዲቪ ለደረሳቸው ሰዎች ስለ አሜሪካ ግዛቶች በአማርኛ የተጻፈ ነው። ልጄ የምትሄድበትን አገር ልወቅ ብዬ ዋሽንግተን የሚለውን ፈለግሁና በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ፈርሀት ጀሪካኖቿን እየደረደረች ትሰማኛለች። «እትዬ ሸዋ፣ ዲቪው የደረሳት እምነት ናት ወይስ እርስዎ?» አለችኝ።

መቅደስ፣ አንቺ የምትኖሪበትን አገር እኔ ልንገርሽ። ዋሽንግተን ሁለት ነው። አንዱ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ መሪያቸው የሚቀመጥበት ከተማ ነው። ሌላው በምዕራብ ጫፍ፣ ባሕሩ ዳር ያለ ሰፊ ግዛት ነው። በመካከላቸው አሜሪካ በሙሉ አለ። የዚያ ግዛት ሰዎች አገራቸው በትልቁ ወንዛቸው ስም ኮሎምቢያ እንዲባል ነበር የለመኑት። ሕግ አውጪዎቹ ግን «ዋና ከተማችን ያለበት ቦታም ኮሎምቢያ ይባላልና ሰው ይምታታበታል» ብለው ዋሽንግተን አሉት። እንዳይምታታ! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ደግ ሳቅ ግን አልነበረም። የእነዚያ ሰዎች ጥንቃቄ እኔ ቤት ድረስ መጥቶ ምን እንደሠራ ማን ይንገራቸው?

ማንበቤን ቀጠልኩ። ሲያትል የሚባለው ከተማቸው የአንድ የነባር ሕዝብ አለቃ ስም ነው፤ ነጮቹ አፋቸው እንደቻለ ጠሩት። ነባሮቹ ታሆማ የሚሉት በረዶ የማይለቀው ተራራ አለ፤ የባሕር አሳሹ መጥቶ ተራራውን ዓይቶት በማያውቅ የመርከበኛ ወዳጁ ስም ሬይኒየር አለው። አገሩን ተራራ ለሁለት ይከፍለዋል። ዝናቡ በባሕሩ በኩል ሲዘንብ ይውላል፤ ከተራራው ጀርባ ያለው ደረቅ ነው፣ ወንዝ እየጠለፉ ፖም ያበቅሉበታል። እዚያ ደረቁ አገር ውስጥ አንድ ከተማ አለ። የባቡር ኩባንያው ጣቢያውን ከከተማው ራቅ አድርጎ ቢሠራ፣ ሰዎቹ ቤታቸውን ነቅለው ግንድ ላይ እያንከባለሉ፣ በፈረስ እየጎተቱ ወደ ጣቢያው ወሰዱት። መርካቶ ቢሆን ይህ አይገርምም ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ የከተማው ስም ላይ ደረስኩ። እንደ ልማዴ በፊደል በፊደል አነበብኩት። ያ። ኪ። ማ።

ጣቴ እዚያው ቀረ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ያኪማ። ድምፁ የእኔ አልነበረም፣ ያንቺ ነበር፤ መስመሩ ሲንጫጫ፣ የመጀመሪያው ፊደል ሲዋጥ። ያኪማ ነኝ። ያኪማ ነኝ!

ስሙ እዚያ የነበሩ ሰዎች ስም ነው ይላል መጽሐፉ። ነጮቹ መሬታቸውን በውል ወሰዱባቸው፣ ተዋጉ፣ ተሸነፉ። የልጅ ልጆቻቸው በቅርቡ «በትክክል ያካማ ነው የምንባለው» ብለው አንዲት ፊደል አስተካከሉ። አንዲት ፊደል ብቻ። እኔ ቂ እና ኪ የሚለያዩ ፊደሎች መሆናቸውን ያወቅሁት አንቺ ከደወልሽ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

መጽሐፉን ዘግቼ ጆንያዎቹ ሥር ከተትኩት።

አዎ፣ ደበቅኩት። ልጅሽ ወደ ወዲያኛው ዋሽንግተን ትሄዳለች፣ ፎቶሽን ትለጥፋለች፣ አታገኝሽም፣ ይደክማታል። እኔም እናቷ እንደሆንኩ እቀራለሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ትኩሳቷን የታቀፍኩት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ስለ ተራራሽና ስለ ፖምሽ ብዬ ለማን ነው የማስረክባት?

መሄጃዋ ሲቃረብ ሱቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጆንያ እየሰፋሁ ነበር።

«እማዬ፣ እዚያ ካጣኋት ሞታለች ማለት ነው» አለችኝ። «ፍትሐት አስደርጌላት፣ ሐዘኔን ተቀምጬ እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ስሟን የሚያነሳብኝ ሰው አልፈልግም። አንቺም ብትሆኚ።»

«በቁም ላለ ሰው ፍትሐት?» አልኩ ሳላስበው።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«በቁም ላለ ሰው አልሽ፣ እማዬ። ሰምቼሻለሁ።»

መስፋቴን ልቀጥል ብል መርፌው እምቢ አለኝ። እጄን ጆንያው ሥር ሰድጄ መጽሐፉን አወጣሁና ስሙ ያለበትን ገልጬ ሰጠኋት። «አንብቢው።»

«ያኪማ። ምንድን ነው?»

«እናትሽ ያለችበት አገር። በስልክ ነግራኝ ነበር። እኔ ቂመኛ ነኝ ያለችኝ መስሎኝ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትኬትሽ ከተቆረጠ በኋላ።»

«እና ዝም ልትይኝ ነበር?»

«ዝም ልልሽ ነበር።»

«ስቀልድ ነው በይኝ!»

«አልቀለድኩም። ማን ይቀረኛል ብዬ ነው የምናገረው?»

መጽሐፉን ይዛ ተነሳች። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ቀጥታ ወደ ፈርሀት ሄደች። የፈርሀት ወንድም ሲያትል ታክሲ ይነዳል፤ ደወሉለት። «ያኪማ? እዚያ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው» አለ። ሳይውል ሳያድር ፖም ማሸጊያ ውስጥ ስትሠሪ አገኘሽ።

ሁለታችሁ በስልክ ስታወሩ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ያንቺን አልሰማም፤ የእሷን ልቅሶ ግን ሰማሁ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ «ካንቺ የባስኩ ቂመኛ ያለችኝን ይዤ ቀረሁ» ብለሻታል። እንግዲያው አንቺ በትክክል ሰምተሻል። የተናገርኩትን ነው የሰማሽው። ግን መቅደስ፣ በአንድ ቃል ይቀራል እንዴ? እኔ ልጠረቅምብሽ እችላለሁ፤ የሁለት ዓመት ልጅ ምን ብላሽ ነው? ይህን ጥያቄ እሷ አትጠይቅሽም፣ ጨዋ አድርጌ ነው ያሳደግኋት። እኔ ግን እጠይቅሻለሁ፤ መልሱንም በጽሑፍ እፈልገዋለሁ።

ትኬቷ ተቀይሯል፤ ሲያትል ትወርዳለች። ተራራውን አቋርጠሽ መጥተሽ አንቺ ራስሽ ተቀበያት፤ ሰው አትላኪባት። ከመጽሐፉ ወዲህ ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። ዛሬ ጠዋት ግን ሻርፔን ሳትጠይቀኝ ሻንጣዋ ውስጥ ስትከት አየኋት፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ስትናደድ ዝም ትላለች፤ አትቆስቁሻት፣ ራሷ ትመጣለች። ሲበርዳት አትናገርም። ጉንፋን ከያዛት ደረቷን እዪላት። እኔን «እማዬ» ስትለኝ ብትሰሚ አታርሚያት። አንቺን ምን ብላ እንደምትጠራ እሷ ትምረጥ፤ ጊዜ ከወሰደባትም ጠብቂያት። ከእኔ ይልቅ አንቺ ብዙ የመጠበቅ ዕዳ አለብሽ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ያልሆነውን ለመጻፍ አይደለም ፊደል የተማርኩት። ይቅር በይኝም አላልኩሽም። ልጅሽን ግን ልኬልሻለሁ። ከዚህ በላይ ምንም የለኝም።

ይህን ስታነቢ ፊት ለፊትሽ ተቀምጣ ዓይን ዓይንሽን ታይሻለች። ምን ይላል ብትልሽ አንድም ሳታስቀሪ አንብቢላት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጪና ተነስተሽ እቀፊያት።

እህትሽ ሸዋርካብሽ
ምናለሽ ተራ