በልተሽ ነይ፦ የአዋላጅ ነርስ ኤርሲሊያ ኩሪዋል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ኩሪዋል ከአባታቸው ከአቶ ሴጉንዶ ኩሪዋልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮሳሊያ ኛንኩፒል በደቡብ ቺሌ፣ ከቾልቾል ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ተወለዱ። በ1971 በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው በተወለዱበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በ1974 ከአናጢው ከአቶ ኦኖፍሬ ማሪሌኦ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ራዬንን አፍርተዋል።

ቁጡ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አያምርብንም። ለደም ምርመራ የመጣች እናት ከንፈሯ ላይ ፍርፋሪ ካዩ «የመጣሁት ደምሽን ላይ እንጂ ቁርስሽን ላይ አይደለም!» ብለው ከበር ይመልሷት ነበር።

በእኛ አገር ክረምት ሲገባ ብዙ ነፍሰ ጡሮችን መዳፋቸውንና ውስጥ እግራቸውን ያሳክካቸዋል። የጉበት ሕመም ነው፤ ሐሞት መውረጃ አጥቶ ደም ውስጥ ይገባል። ለእናትየው ያን ያህል አያሰጋም፤ ጽንሱን ግን ሊገድል ይችላል። የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለው የሐሞት አሲድ ሲለካ ነው። አንድ ወጣት ሐኪም በባዶ ሆድ ልኬቱ ዝቅ ብሎ ሊያታልል እንደሚችል፣ ከምግብ በኋላም መለካት እንዳለበት ነግሯቸው ነበር። እሳቸው ግን በሰው ፊት መታረሙን አልወደዱትም። «እዚህ ደንብ የማወጣው እኔ ነኝ» አሉት።

በ2001 ክረምት ራዬን የስምንት ወር እርጉዝ ሆና መዳፏን እያከከች መጣች። በእጇ የያዘችውን ትኩስ የተጠበሰ ሊጥ እናቷ ነጠቋት።

«እማ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ እያዞረኝ ነው።»

«የአዋላጅ ልጅ ሆነሽ ልታሳፍሪኝ ነው? ቻይው!»

ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነ። ቆዳሽ ደርቆ ነው፣ ቅባት ተቀቢ ብለው አሰናበቷት። በሳምንቱ ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደ።

እኛ ቤተሰቦቻቸውም ለጎረቤት «የእግዜር ሥራ ነው» አልን። አፍረን ነው። ዛሬ ይህ በአደባባይ የሚነበበው ራሳቸው «ሳትደብቁ አንብቡት» ብለው ስለተናዘዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዳቦ ከቦርሳቸው ጠፍቶ አያውቅም። የሚያሳክካትን እናት ሁሉ ደሟን ሁለት ጊዜ ቀድተው አስለክተዋል፤ መጀመሪያ ሳትበላ፣ ቀጥሎ በእጃቸው አጉርሰዋት። ራዬን ግን ለዓመታት ደጃቸውን አልረገጠችም። በ2009 እንደገና አርግዛ፣ መዳፏ እንደገና ሲያሳክካት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ልብላ ወይስ እንደ ልማድሽ ልጹም?»

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ዳቦውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። ራዬን ራሷ ቆርሳ በላችና ክንዷን ዘረጋችላቸው። ከምግብ በኋላ የተለካው አሲድ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሞች ምጡን ቀድመው አስጀመሩት፤ ሴት ልጇ ሚያራይም በሕይወት ተወለደች። ልጃቸው ይቅር ብላቸዋለች። እሳቸው ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም፤ የሚያራይ ልደት በተከበረ ቁጥር በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር እንጂ ወደ ማዕዱ ቀርበው አያውቁም።

ባለቤታቸውን በ2015 በሞት የተነጠቁት ወይዘሮ ኤርሲሊያ፣ በደም ግፊት ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 2023 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አርፈዋል። ልጃቸውን ራዬንንና የልጅ ልጃቸውን ሚያራይን ትተው፣ ስም ሳይወጣለት ወደተቀበረው የልጅ ልጃቸው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ተቀብሎ እፍረታቸውን ከላያቸው ያንሣላቸው።

የመጨረሻ ቃላቸውም ይህ ነው፦ «ማንም በባዶ ሆዱ መቃብሬ ላይ እንዳይቆም።» አሁን የሚታደላችሁን ዳቦ ያቦካችው ራዬን ናት። እባካችሁ፣ ሳትበሉ አትቅበሯቸው።