ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ሐሙስ፣ ሰኔ 14 ቀን

የአብራኬ ክፋይ፣ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። «ወንድሜን አሳዪኝ» ባልሽኝ ቁጥር «ሥራ ሄዷል» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ወንድምሽ ሆስፒታል ተኝቷል። አትደንግጪ፣ በሕይወት አለ። በስልክ ድምፄ ይከዳኛል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

አንቺ ውጭ አገር በሄድሽ በሁለተኛው ወር ሆዱን ያመው ጀመር። ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሳል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አለቃ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ጠረጴዛ መላግ ይጀምርና መሐል ላይ መላጊያውን እንደያዘ ፈዞ ይቀራል። ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«ሆዱን ነው» አልኩት። መስማት የተሳነው ልጅ ዝም ቢል ማን ልብ ይላል? ሰፈርተኛውም ድሮ ገና «ጭምቱ» ብሎ ሰይሞታል።

ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ በእጄ እነግረዋለሁ፣ የመለሰውን እነግራታለሁ። የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ? እስከዚህ ደህና ሄድን። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «እማማ፣ ይህንንም ይጠይቁልኝ። መኖር አስጠልቶት ያውቃል? ራሱን ለማጥፋት አስቦ ያውቃል?» አለችኝ።

እጄ አልነሳ አለኝ። እናት ልጇን እንዲህ ብላ ትጠይቃለች? ሟርት መሰለኝ። እሱ ዓይን ዓይኔን ያያል። «ሲርብህ ይብስብሃል?» አልኩት። የለም አለ። «የለም ይላል» አልኳት። አልዋሸሁም፣ ልጄ፤ የለም ብሏል። የጨጓራ መድኃኒት ይዘን ተመለስን።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሁድ ጠዋት፣ ከገበያ ስመለስ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አላንኳኳሁም፤ ማን ሊሰማኝ? ጎረቤታችን ሹፌሩ በትከሻው ገንጥሎ ገባ። ደረስንለት። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሙ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አስጠሩና፣ «እናት፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩ» አሉኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ያነጋገርኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ተቆጣሁ።

«ለዚሁ ነው፤ እናትን የሚያስጨንቅ ነገር በእናት አፍ አይነገርም» አሉኝ።

በበሩ መስታወት አየሁት። ወንድምሽ ያወራል! እጆቹ እንዲያ ሲፈጥኑ ያየሁት ካንቺ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። እሱ ከትምህርት ቤት ያመጣውን፣ አንቺም ከሱ የለቀምሽውን ቋንቋ እኔ ጊዜ የለኝም ብዬ ሳልማረው ቀረሁ። የኔና የሱ ቋንቋ «ብላ፣ ተኛ፣ አምጣ፣ ተው» ነው። «ከፋኝ» የሚልበት ምልክት ከኔ ዘንድ የለም።

አርባ ደቂቃ ቆይተው ወጡ። «ሕመሙ ድባቴ ነው፤ ዓመት ሊሞላው ነው» አሉኝ። «እንዲህ ያሉት ያመልጡናል። ዝምታቸው ተፈጥሯቸው ነው እንልና የሚጠይቃቸው አይኖርም።» እኔ ተጠይቆ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው።

ዓመት ሲሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቁጭ ብለሽ እንዳትቆጥሪ። እህል ውኃሽ እዚያ ነው፤ ማንም በማንም አልፈረደም።

አስተርጓሚዋ ከሥራ ስትወጣ ጥቂት ምልክት ታስተምረኛለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ በራሴ እጅ ጠየቅሁት፤ «አሁንም መሞት ትፈልጋለህ?»

«አዎ» አለኝ።

ከዚያ እጄን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካከለልኝ። «መሞት» የሚለውን ምልክት አሳስቼው ኖሯል።

ወጥተሽ የምትገቢበት ደጅ ሰላም ይሁንልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። ደብዳቤው በደረሰሽ እሁድ ከምሳ በኋላ ደውዪ፤ ስልኩን እሱ ፊት አቆመዋለሁ፤ እኔ ውጭ እቆያለሁ።

እናትሽ