ልቡ የተቆረጠው ዘንባባዬ

እሁድ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሚዛን

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ጠዋት በረንዳ ስወጣ የዘንባባዬ መሃል ተቆርጧል። ከቴፒ ድረስ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አቅፌ ያመጣሁት፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ጥላ ከሚወደው ከሌላው ተክሌ ከፈርኑ አጠገብ ቦታ የመረጥኩለት! የቆረጡት አማቴ ናቸው። «ለሆሳዕና ነው ልጄ፤ ለቀለበት የሚመቸው ለጋው ነው» አሉኝ፣ ምንም ሳይመስላቸው። ዳር ዳሩን ቢወስዱ ምን ነበረበት? ይሄ እንደ ፈርኑ ከሥሩ አያቆጠቁጥም፤ ልቡ ከተቆረጠ አለቀለት። ጫካው ሙሉ ዘንባባ እያለ! ለእግዜር በተቆረጠ ነገር ደግሞ በምን አፌ ልቆጣ? «እጅሽን አምጪ» ሲሉኝ ሰጠኋቸው። ቀለበቱን ራሳቸው አሰሩልኝ። የገዛ ዘንባባዬን ሬሳ ጣቴ ላይ አድርጌ «ሆሳዕና በአርያም» ስል ዋልኩ።