ጆንያ የማትጭን መኪና

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ጧት

ጥፋተኛው አያሌው ነው። ባሌ። ሌላ ሰው አልከስም። ዛሬም ድንች ስልጥ አጠገቤ ቆሞ ሚኒባስ፣ ሚኒባስ ይላል። የእናቴ የእብናት ቤት ተሸጦ ድርሻዬ እጄ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሚኒባስ ገዝተን ወረታ መስመር እናሠራት ነው ነገሩ። “ገዝተን” ይላል፤ እናቴን እሱ ያስታመማት ይመስል።

ስሚኝ አንቺ ደብተር። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ላንድሮቨር ነድቷል። ከደ/ታቦር እብናት፣ ከእብናት ደ/ታቦር። እኔ ከኋላ፣ ጆንያ ላይ። ጋቢናው ለቄስ ነበር። ቄስ ከሌለ ለአማች። አማችም ከሌለ ጋቢ ለለበሰ መንገደኛ ሁሉ። ዝናብ ሲመጣ ሸራው ለእህሉ ነው፤ እኔ አልሻግትም መሰለው። መንዳት ልማር ስለው ፊደል ሳትለዪ አለኝ። ይኸው ለየሁ። ዘግይቼ፣ ከልጅ ልጄ እኩል፣ ግን ለየሁ። ላንድሮቨሩ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ዶሮዎች ይጥሉበታል።

መኪና እገዛለሁ አልሁት። ለሥራ አይደለም። ልሄድባት። ሳቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ከገበያ መልስ

ሰብለ መጣች። የእኅቴ ልጅ፣ ነርሷ። መንጃ ፈቃድ አላት፤ እሷ ልትነዳልኝ ተስማምተናል። ስልኳ ላይ አሮጌ መኪኖች ታሳየኛለች። አዲስ አልፈልግም። አዲሶቹ ሁሉም አንድ ፊት ናቸው።

እሷ ዲኤክስ ግዢ ትላለች። ጠንካራ ናት፣ ዕቃዋ የትም ይገኛል፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። እውነቷን ነው። ግን ታክሲ ትመስለኛለች፤ ያየ ሁሉ እጁን ያነሣባታል። አያሌው ከጓዳ ሆኖ ላንድሮቨሩን አስጠግኚው ይላል። ዶሮዎቹ ይኑሩበት።

እኔ የምፈልገው ቮልስ ነው። በልጅነቴ እዚህ ከተማ አንዲት አዋላጅ ነበረች፣ ቮልስ የምትነዳ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ክርኗን መስኮቱ ላይ አሳርፋ። ጠጋ በይ የሚላት አልነበረም። እንስራዬን እንዳዘልሁ ቆሜ ቀረሁ። ለጉና ተራራ ዳገት ትሆናለች ወይ ብዬ ሰብለን ጠየቅኋት። ቀስ ብላ ትወጣለች አለች። እኔም ቀስ ብዬ ነው የምወጣ።

አያሌው ጆንያ የት ልትጭኚባት ነው አለ። የምጭነው ራሴን ነው አልሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሽማግሌ ላከብኝ። በገዛ ቤቴ። የንስሐ አባታችንንና ታላቅ ወንድሙን። ጠላ ቀዳሁ። መረቁ። ከዚያ አባ፣ መኪና የቤት ናት፣ ቤቱን የምትጠቅም ትሁን አሉ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

“አባ፣ አንቱ ጋቢና ተቀምጠው እብናት ሲወርዱ እኔ ጆንያ ላይ ነበርሁ። ያን ጊዜ እኔ የቤት አልነበርሁም?”

የአያሌው ወንድም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አባ ጠላቸውን አስቀምጠው፣ “እውነትሽን ነው ልጄ። ጋቢናውም ቢሆን ግን ይበርድ ነበር” አሉ። ሳልወድ ሳቅሁ። ባርከውኝ ሄዱ። አላሳመኑኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ማታ 12 ሰዓት

መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ አዲስ ዘመን ከተማ ወረድን። እኔ፣ ሰብለ፣ ካልመጣሁ ያለው አያሌው። ሰብለ ስልኳ ላይ ያገኘችው ባለመኪና ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ቮልሷ ሰማያዊ። አስተማሪው የሚያወራው ለአያሌው ነው። የሞተሩን ነገር ለእሱ፣ የጎማውን ነገር ለእሱ።

ልንሞክራት ገባን። ሰብለ መሪ ያዘች። ይህን ማንም እንዳያነብብ። የፊተኛውን ወንበር አጥፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከኋላ ገባሁ። ማንም ግቢ አላለኝም። አያሌው ከፊት ቁጭ አለ። ያወቅሁት ጣራ ገዳም መታጠፊያ ስንደርስ ነው፣ ማጅራቱን ሳይ። ያን ማጅራት ነው ስንት ዘመን ሳየው የኖርሁት። ከእሱ ይልቅ በገዛ እግሬ ተናደድሁ።

አቁሚ አልኋት። ውረድልኝ አልሁት። ጉልበቴ ከኋላ አይታጠፍልኝም አለ። እውነት ነው፣ አይታጠፍለትም።

“እንግዲያ እዚሁ ቅር።”

“መንገድ ላይ ልትጥይኝ?”

“ዛፍ አለልህ። ጥላ ሥር ተቀመጥ።”

ሰብለ መሪውን አቅፋ ትስቃለች። ወረደ።

ከፊት ተቀመጥሁ። መስኮቱን በእጄ አሽከርክሬ አወረድሁት። ነፋስ ገባ። ቤንዚን ይሸታል። ሞተሯ ከኋላ ታጉረመርማለች፤ ዛሬ እንኳ ከኋላ ሆኖ የሚያጉረመርመው እኔ አይደለሁም። ዳር ይዘው የሚወርዱ መነኮሳት አጋጠሙን። እጅ ነሣሁ። አላቆምንም። ደስ አለኝ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት የጻፍሁ አይመስለኝም።

ስንመለስ አያሌው ባጃጅ ተሳፍሮ ቀድሞናል። አስተማሪው እንዴት አያችኋት ብሎ ጠየቀው። አያሌው በአገጩ ወደ እኔ አሳየው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ክፉ ቀን። ሰብለ የደበቀችኝን ተናገረች። ወለሏን ዝገት በልቶታል። እግሬ ሥር ቀዳዳ አለ፣ ምንጣፍ ተጥሎበት ነው ያላየሁት። ፍሪሲዮኗም ደክሟል። ደስታሽን ላላበላሽ ብዬ ነው አለች። እዚያው አዲስ ዘመን ንጹሕ ዲኤክስ አለ። አስተዋይ ሰው እሷን ይገዛል። ቀኑን ሙሉ አስተዋይ ሆኜ ዋልሁ። ከፋኝ።

ማታ አያሌው የወለሉን ነገር ለእኔ ተዪው አለ። በያጅ ያውቃል፣ ቆሞ ያሠራልኛል። ልቤ ራራ። ራት ሳይቀርብ ግን ሌላውን ሰማሁ። በጥር የወንድሙ ልጅ ሙሽራ የምትሄደው በእኛ ቮልስ ነው ብሎ ቃል ገብቷል። ገና ያልተገዛች መኪና። ለአንቺም ክብር ነው ይለኛል። ሠርጉ ሲያልቅ ልቅሶ ይመጣል። ከልቅሶው ቀጥሎ ክርስትና። መኪናዋ ሁሉም ዘንድ ትደርሳለች፣ እኔ በእግሬ።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ጽዮን

ዓርብ ገዛኋት። ቮልሷን። ወለሏን አስተማሪው ራሱ አስበይዶ አስረከበኝ፤ የተከራከርሁት እኔ ነኝ። አያሌው አልመጣም። አልለመንሁትም። ለሠርጉ እንደማልሰጥ ለወንድሙ በራሴ አፍ ነገርሁት። ወንድሙ አኩርፏል። ጎረቤት አብዳለች ይላል አሉ። ይበል።

ነገ ሰብለ ሥራ የላትም። ጉና እንወጣለን። አያሌው ጉና ምን ጉዳይ አለሽ አለኝ። የታመመች የአክስቴ ልጅ ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከደጅ ስወጣ ወይ የታመመ ወይ የሞተ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ደኅና ናት። ገብስ ታሳጭዳለች።

ምንም ጉዳይ የለኝም አልሁት። ከእንግዲህ ከቤት ለመውጣት ብዬ ዘመድ አላሳምምም።