ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ምስል

ቬርኒየ፣ ጄኔቫ፣ ግንቦት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለኃይለመለኮት
ረገንስዶርፍ፣ ዙሪክ

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃውን አነሣልህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደከመኝ ነው እንጂ። ከሥራ ስመለስ ከአውቶቡሱ መውረጃ እስከ ሕንፃችን ያለው መንገድ ረዝሞብኛል። የሆስፒታሉን አንሶላ ሳጥፍ እየዋልኩ አውራ ጣቶቼ አብጠዋል። ዛሬ ግን አሞኛል ብዬ ልብስ ማጠቢያው አልገባሁም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ጣቴን ውቀስ።

ትናንት እሑድ የእንጨት ሥራዎቼ በኮሚዩኑ፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ አዳራሽ ለሰው ታዩ። አልነግርህም ብዬ ነበር። ከዚህ ከሄድክ ወዲህ በስልክ ስንገናኝ ስለ እንጨቱ አንሥቼብህ አላውቅም፤ አንተም አልጠየቅኸኝም። ስለ ብርዱ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዳችን መታደስ እናወራና እንዘጋለን። እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ አግኝቶ ዙሪክ ሄደ እላለሁ። አንተም እዚያ እንደዚሁ እንደምትል ሰምቻለሁ። ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ያልከኝን ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን። "ልጄን እንጨት አታድርጊብኝ። አስከሬኑን አየሁ ያለ ሰው የለም። እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ" ነበር ያልከው።

እኔም እኮ እየጠበቅሁት ነበር ኃይሌ። እኛ በአንተ ሥራ ምክንያት ጄኔቫ መጥተን ስንቀር፣ እሱ ዩኒቨርሲቲውን ልጨርስ ብሎ አዲስ አበባ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ እጠብቀው ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት ደርጎች ከመንገድ ላይ አፍሰው ወሰዱት ሲሉንም አብረን ጠበቅነው። አንተ በሬዲዮ፣ ከአገር የመጣውን ሰው ሁሉ እየጠየቅህ ነው የጠበቅኸው። እኔ ደግሞ እጄን አጣምሬ መቀመጥ አቃተኝ፤ ሌላ ነገር የለውም።

ከተነሣ አይቀር ስለ ሥራው ላጫውትህ። አምና የኮሚዩኑ አትክልተኞች በሮን ወንዝ ዳር ያሉትን አሮጌ ፕላታን ዛፎች ሲቆርጡ ሳይ አንዱን ግንድ ለመንኳቸው። የሕንፃው ጠባቂ፣ ኮንሲየርዡ፣ እያጉረመረመ ምድር ቤት፣ ካቭ ውስጥ፣ ከሰዎቹ ብስክሌትና አሮጌ ፍራሽ ጎን አስገባልኝ። እርጥብ ስለነበር ብርዱን ወራት ሁሉ በጆንያ ሸፍኜ አደረቅሁት። ቢሆንም ከአናቱ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ በኋላ ስንጥቁን እንዳለ ተውኩት።

ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን ኮንሶ የወሰዱን ጊዜ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። እዚያ ለትልቅ ሰው መታሰቢያ ከእንጨት ጠርበው ያቆማሉ። ዋካ ይሉታል። መንገድ ዳር ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚያልፍ የሚያገድመውን ያያል። ብቻውንም አይተዉትም፤ ቤተሰቡን ጠርበው በዙሪያው ያቆሙለታል። ለተማሪ ልጅ አያቆሙ ይሆናል፤ የኮንሶ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ፊቱን ልሥራ ብዬ ብዙ ታገልኩ። በሐሳቤ ስሠራው የማላውቀው ሰው ይመጣብኛል። ፎቶውን ይዤ ስሠራው ደግሞ የመታወቂያ ፎቶ ይሆንብኛል። መጨረሻ ላይ ፊቱን ለስላሳ አድርጌ ትቼ አቋቋሙን ያዝኩ። ልጅ ሆኖ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ ወጌሻው አጣምሞ ካሰረው ወዲህ ግራ ትከሻው ዝቅ እንዳለ ቀርቷል፤ ወጌሻውን ልትደበድብ የሄድክበት ጊዜ ትዝ ይልሃል። ያንን ትከሻ ነበር የምፈልገው። መሮው ትንሽ ሲያልፍ የጎበጠ ሽማግሌ ይሆናል፤ ሲያንስ የማንም ልጅ ይሆናል። ቅዳሜዎቼን ሁሉ በላው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን መሮዬን ሞርጄ ዞር ስል፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞልኛል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

ከተረፈው ግንድ ሌሎችም ጠረብኩ። አንዲት እናት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ተቃቅፈው የቆሙ ሁለት ልጃገረዶች። የተልባ ዘይት ቀባኋቸው። አዳራሹን የሰጠችኝ የኮሚዩኑ ሴትዮ ግድግዳው ሥር ልትደረድራቸው ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን ሰው በመካከላቸው እንዲያልፍ አዳራሹ መሐል አቆምኳቸው።

ሰው ይመጣል አላልኩም። መጣ። ላይኛው ፎቅ ያሉት የኮንጎ ሰዎች ከነልጆቻቸው መጡ። አንድ ስዊስ "ይህ የየትኛው ጎሳ ነው?" ብሎ ቢያደክመኝ፣ "የቬርኒየ ነው" አልኩት፤ በትንሽ ወረቀት ጻፈው። የእኛም ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው መጡ። አባ ተክለሃይማኖት በሩ ላይ ቀሩ።

"የወይንሐረግ፣ ልጄ፣ ይህ ነገር ጣዖት አይሆንም?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አባ፣ ማንም አይሰግድለትም። እንዲታይ ብቻ ነው ያቆምኩት።"

"ሥዕል ቢሆን ምን ነበረበት?"

"እጄ የሚችለው ይሄን ነው አባ" አልኳቸው።

ያን ጊዜ እትዬ ሙሉወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን በአንድ ሳምንት እንደወሰዱባቸው እናውቃለን እንጂ፣ ስማቸውን ሲያነሡ ሰምተን አናውቅም አይደል?

"ልዳስሰው?" አሉኝ።

"ይዳስሱት እንጂ እትዬ።"

ደረቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። "ለኔዎቹ አፈር እንኳ አላየሁላቸውም" አሉ። ከዚያ የልጆቻቸውን ስም ጠሩ፤ ታላቁን፣ ቀጥሎ ታናሹን። ሌሎቹም ተከተሉ። እህቱን የሚል አለ፣ ወንድሙን የሚል አለ። አባ ከበሩ ተነሥተው ገቡና ወንበር ስበው ከእትዬ ሙሉወርቅ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ጣዖት ዳግመኛ አላነሡም። ኃይሌ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንጸልይ፣ አብረን ስንበላ፣ አንዳችን የሌላችንን ሐዘን እንዲህ ሰምተን አናውቅም ነበር። አንተ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን የቀባጠርኩት እሱን ላለመጻፍ ነው።

ወዳጅህ ሽፈራው እዚያው እናንተ አጠገብ ካለው ከአድሊስቪል ሲመጣ በመኪናው አንድ ወጣት ይዞ መጥቶ ነበር። ቢረሳው ይባላል። ከእስር ተፈትቶ በሱዳን በኩል የወጣ፣ ስዊስ ከገባ ገና ወሩ ነው። ሰው ሁሉ ሻይ ሲጠጣ እሱ ምስሉ ፊት ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። አጠገቡ ሄድኩ።

"ይህን የሠራው ማነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ሰውዬውን ያውቁታል?"

"ልጄ ነው።"

ዞሮ አየኝ። የራሱን ግራ ትከሻ በእጁ ያዘ። "ኅሩይ?" አለኝ። "ኅሩይ ኃይለመለኮት?"

ስሙን አልነገርኩትም ነበር። ከምስሉም ሥር አልጻፍኩትም፤ አንተን ፈርቼ።

እጁን ይዤ ወደ አዳራሹ ወጥ ቤት ወሰድኩት፤ በሩንም ዘጋን። ብዙ ነገር ነገረኝ። አንድ ክፍል ነበሩ። ኅሩይ በግድግዳው ላይ በከሰል እየጻፈ ለእስረኞቹ ሒሳብ ያስተምር ነበር አለ። ሌሊት ያንኮራፋል ብለው ይስቁበት ነበር አለ፤ ያንተን ወርሶ። እኛ እዚህ በሰላም መሆናችንን ያወራላቸው ነበር አለ። ስሙ የተጠራ ዕለት ሹራቡን አውልቆ ለቢረሳው ሰጥቶት ወጣ። ቢረሳው አሁንም ለብሶታል፤ ክርኑ ተቀዷል።

የቀረውን አልጽፍልህም። ከእሱ አፍ ትሰማዋለህ፤ እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።

እዚያ አልጮህኩም። ወደ አዳራሹ ተመልሼ እንግዶቹን ሸኘሁ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። የነገርኩት ለአባ፣ ለእትዬ ሙሉወርቅና ለሽፈራው ብቻ ነው። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ለምኛቸዋለሁ። አንተ ሳትኖር ብቻዬን ለቅሶ መቀመጥ አልፈለግሁም። ትናንት ማታ እትዬ ሙሉወርቅ እዚህ አደሩ፤ አሁንም ሳሎን ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ቢረሳውም እዚህ ነው፤ እስክትመጣ አይሄድም።

ይህን በፖስታ ያልላክሁት ብቻህን እንዳታነበው ነው። ሽፈራው ሥራውን ትቶ ይዞልህ መጥቷል፤ አሁን አጠገብህ ተቀምጧል። ሻይ ላፍላልህ ቢልህ እምቢ አትበለው። ለአለቃህ እሱ ያስረዳልሃል። ልብስህን ሰብስበህ፣ የምትመለስበትን ቀን ሳታስብ፣ ዛሬውኑ አብራችሁ ኑ። በመኪናው ነው የምትመጡት፤ ባቡር ጣቢያ መቆም የለብህም። ሳትደርስ ማንም ምንም አይጀምርም።

መንገዱን መልካም ያድርግልህ። እግዚአብሔር ሁለታችንንም ያጽናን።

የኅሩይ እናት
የወይንሐረግ