ድንኳን ያልተተከለላቸው መምህር አባይነህ ወልደ ሰማያት

መምህር አባይነህ ወልደ ሰማያት ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ ነሐሴ 10 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰማያት ደጉ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ብሩ፣ አራዳ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በሰፈሩ ደብር ቅጥር ከየኔታ ዘንድ ነው። ዘመናዊ ትምህርታቸውን እዚያው ፒያሳ ጨርሰው በ1959 ዓ.ም. በመምህርነት ተመረቁ። በ1964 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺዓለም ጋር ጋብቻ ፈጽመው ምኞትንና ዘርዓብሩክን ወለዱ።

ለሠላሳ ስምንት ዓመታት ታሪክና ሥነ ዜጋ አስተምረዋል። የዓለም መንግሥታት በዚያ ጦርነት እልቂት ደንግጠው የሰው ልጆችን መብት በጋራ እንዳወጁ ሲያስረዱ፣ ነገሩ ለእርሳቸውም በፈተና ከሚመጣ ነጥብ አያልፍም ነበር። «መብት ከዜግነት ይመነጫል» ብለው ያስጽፉ ነበር።

ይህን እምነታቸውን ያናጋው በ1990 ዓ.ም. የተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው። ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው ጎሚስታው አቶ ዘርኡ በነጠላ ጫማ እንደቆሙ ተወስደው ወደ አሥመራ ተባረሩ። ከዚያም ወገን የእኛ ሰዎች እንዲሁ ሜዳ ላይ እየተጣሉ ይመጡ ነበር። የአቶ ዘርኡ ባለቤት ወ/ሮ ኤደን የአልጋ ቁራኛ ነበሩና እዚሁ ቀሩ፤ ታኅሣሥ 1991 ዐረፉ።

እድሩ ድንኳን አላወጣም። አቶ ዘርኡ ከአባልነት ተሰርዘዋል ተባለ። መምህር አባይነህ እድርተኛው መሐል ቆመው ጠየቁ።

«መምህር፣ ደንብ ደንብ ነው። አባሉ አገር ውስጥ የለም» አሏቸው።

«ሬሳው አለ» አሉ።

«ለእኛስ ሰው እዚያ ማን ድንኳን ተከለለት?»

«አለመተከሉ አይደል እንዴ የሚያንገበግበኝ!»

የሚሰማቸው ሲያጡ፣ «እንግዲያው የእኔን ድንኳን ለእሷ ትከሉ፤ እኔን ሰርዙኝ» አሉ። አንዱ በፌዝ «እርስዎ ሲሞቱስ?» ቢላቸው፣ «ያኔ እናንተ ታስቡበታላችሁ» ብለው ወጡ። ድንኳኑ ተተከለ። እርሳቸውም ተሰረዙ።

ቤተሰቡ ይህን ያወቀው ትናንት ነው። ልጃቸው ዘርዓብሩክ ሞታቸውን ሊያስታውቅ ቢሄድ፣ የእድሩ ዳኛ «የኔ ልጅ፣ አባትህ እኮ አባላችን አይደሉም» አሉትና የሆነውን ሁሉ ነገሩት። እንዴት ይመን? አባቱ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ቀብር ቀርተው አያውቁም። የድንኳን ምሰሶ ሲሸከሙ፣ አግዳሚ ሲደረድሩ፣ የሌላውን ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ ነው ያረጁት። ወ/ሮ የሺዓለም ሲነገራቸው «ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ!» አሉ።

በ2011 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት አቶ ዘርኡ መጥተው ነበር። በባለቤታቸው መቃብር ላይ አልቅሰው፣ «ሚስቴን እንደ ሰው ስለቀበራችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው እድርተኞቹን በየተራ ሳሙ። ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። መምህር አባይነህ ስለ ጎማ ዋጋ ጨዋታ ጀመሩ።

ከዚያ ጦርነት በኋላ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ያንን የዜግነት ዓረፍተ ነገር ደግመው አላስጻፉም። «ሰው ለመሆን መታወቂያ አይጠየቅም» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው የአነጋገር ማሳመሪያ መስሏቸው ኖረዋል።

መምህር አባይነህ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ያህል ሲቀራቸው፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ አሥመራ ያሉት ወንድማቸው አቶ ዘርኡም ሐዘንተኞቻቸው ናቸው።

እድሩ ትናንት ማምሻውን ድንኳኑን አሸክሞ በራቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ወ/ሮ የሺዓለም አመስግነው መለሱት። «ሰጥቶታል። የሰጠውን መልሼ አልወስድበትም» አሉ። ስለዚህ ዛሬ ከቀብር መልስ ለቅሶ የምትደርሱ ሁሉ የምትቀመጡት ግቢው ውስጥ ሰማይ ሥር ነው፤ ዝናብ ቢመጣም እንታገሣለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለእኛም የደነገጥንበትን የማይረሳ ልብ ይስጠን። አሜን።